ወደ ሰው ሜዳ ስንሄድ



በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ባሉ አነስተኛ አጥቢያዎች የምናገለግል ሰዎች ከወጣቶቻችን ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ፓስተር፣ ጓደኞቻችን ጨዋታ ለማየት መኪና ተኮናትረው ሊሄዱ ነው፤ አብረን ብንሄድ ኃጢአት ነው ወይ?» አንዳንዴ መድረሻው ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዳንዴ አዲስ አበባ፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ መልሱን እየፈራ ነው የሚጠይቀው። «አትሂድ» ቢባል ጓደኞቹን ሊያጣ ነው፤ «ሂድ» ቢባል ደግሞ የጸሎት ቡድኑ በጎሪጥ ሊያየው ነው።

መልሳችንን ሳንደብቅ ከወዲሁ እንናገር፦ ይሂድ። ነገር ግን ማን አብሮት እንደሚሄድ አይቶ ይሂድ። ይህን የምንለው ወጣቶቹን ለማስደሰት ወይም ዘመናዊ ለመምሰል አይደለም። ቃሉን ስንመረምርም ሆነ የምንኖርበትን ምድር ስናይ የሚታየን ይህ ስለሆነ ነው።

ባቡር በሌለበት ደጋ

በሌላው ዓለም ቡድኑን ተከትሎ ከከተማ ከተማ በባቡር የሚሄድ ደጋፊ አለ። በብሪታንያ ለእግር ኳስም፣ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው ለሚሮጡበት ለራግቢም፣ ጓደኛሞች ቅዳሜ ጠዋት ተሰባስበው በባቡር ይሳፈራሉ፤ ማታ አሸንፈውም ተሸንፈውም አብረው ይመለሳሉ። በእኛ አገር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ወደ መንዝ ግን አልወጣም። የእኛ ባቡር ቅጥቅጡ ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ በሞላሌ አልፎ ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ያቀናል። የራቤሉ ሰው ከዚያ በፊት የጓሳን ብርድ ማለፍ አለበት። የዓለም ከተማው ደግሞ በጀማ ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ በለሚና በሙከጡሪ በኩል ነው አዲስ አበባ የሚገባው።

ይህ መንገድ ረጅም ነው። በዚህ መንገድ ላይ ሰው ከሰው ጋር ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል፤ ዳቦ ቆሎውን ይካፈላል፤ ብርዱ ሲጠና አንድ ጋቢ ለሁለት ይደርባል። ቤት ውስጥ ያልተነገረ ነገር በመንገድ ላይ ይነገራል። የታመመች እናት፣ ያልተሳካ ፈተና፣ ሥራ ፍለጋ የሚታሰብ ስደት፣ ሁሉም በዚያ መቀመጫ ላይ ይወራል። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ መንገዱ ግን ሙሉ ቀን ነው። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ብቻ የሚጠይቅ ሰው የጉዳዩን ትንሹን ክፍል ነው የሚጠይቀው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ሌላ የሚታሰብበት ነገር አለ። እንደምናውቀው ሕዝባችን በብዛት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተከታይ ነው፤ ወንጌላውያን ጥቂቶች ነን። አንድ ወጣት ጌታን ተቀብሎ ወደ እኛ ጉባኤ ሲመጣ ከብዙ ነገር ይለያል። ከጽዋ ማኅበሩ ይወጣል፤ ሰንበቴው ይቀራል፤ ጠላውን ይተዋል፤ በዓሉን አብሮ የሚውልበት መንገድ ይጠበዋል። አንዳንዱ ከአባቱ ቤት ጭምር ተለይቷል። ከልጅነት ጓደኞቹ ጋር የሚያገናኘው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሲበጠስ፣ ብዙ ጊዜ ሳይበጠስ የሚቀረው ገመድ ኳስ ነው። ማሊያው አንድ ነው፤ ጩኸቱም አንድ ነው። «ጴንጤ ሆነ» ብለው የራቁት ጓደኞቹ «ነገ መኪና ይዘናል፤ ትመጣለህ?» ብለው ሲጠሩት በሩ ገና እንዳልተዘጋ ይነግሩታል።

ታዲያ ያንን የመጨረሻ ገመድ ቤተ ክርስቲያን በገዛ እጇ መቁረጥ አለባት? እኛ አይመስለንም። ከዓለም መለየት ማለት ከሰው መሸሽ ቢሆን ኖሮ፣ ጌታችን ከቀራጮች ማዕድ ባልተገኘ ነበር።

ጳውሎስ ስለ ስታዲየም

«ጨዋታ ሥጋዊ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምን ቦታ አለው?» የሚሉ ወገኖች አሉ። ቅንዓታቸውን እናከብራለን። ነገር ግን 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9ን አብረን እንድናነበው እንጋብዛቸዋለን። በቁጥር 24 ላይ ሐዋርያው ስለ ሩጫ ሲናገር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ስታዲዮን» ነው፤ ዛሬ ስታዲየም የምንለው ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። በቆሮንቶስ አቅራቢያ በየሁለት ዓመቱ የእስትሚያ ጨዋታዎች የሚባል ትልቅ ውድድር ይካሄድ ነበር። ሕዝብ ከየከተማው እየተጓዘ ይመጣ ነበር። ለአሸናፊው የሚሰጠው ከቅጠል የተጎነጎነ አክሊል ነበር፤ ጳውሎስ የሚጠፋው አክሊል ያለው ይህንን ነው። ሐዋርያው በቆሮንቶስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር ተቀምጧል፤ ድንኳን እየሰፋም ይኖር ነበር (የሐዋርያት ሥራ 18)። አንባቢዎቹ የሚያውቁትን ነገር ነው ያነሣላቸው።

ያ ውድድር የሚካሄደው ለጣዖት ክብር እንደነበር አንርሳ። ጳውሎስ ጣዖቱን አልተቀበለም፤ ሯጩን ግን ለወንጌል ትምህርት ተጠቀመበት።

ከሁሉ በላይ ግን ልናስተውለው የሚገባው የምዕራፉን አካሄድ ነው። ስለ ስታዲየሙ ከመናገሩ ቀደም ብሎ፣ ከቁጥር 19 እስከ 23፣ ጳውሎስ አንዳንዶችን ለማዳን ለሁሉ ሁሉን እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ ወዲያው ራስን ስለ መግዛት ያስተምራል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ወደ ሰው መቅረብና ሰውነትን መጎሰም። አንዳንዶቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን እንጥላለን፤ ለሰው እንቀርባለን ብለን ከሰው ጋር እንጠፋለን። ሌሎቻችን ሁለተኛውን ይዘን የመጀመሪያውን እንጥላለን፤ ራሳችንን እንጠብቃለን ብለን ማንም የማይደርስብን ተራራ ላይ እንወጣለን። ጳውሎስ ግን አንዱን በሌላው አልለወጠም።

«በመንገደኞቹ መካከል ያለ መስሏቸው»

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ስለ አንድ ጉዞ ተጽፏል። ማርያምና ዮሴፍ ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ሲመለሱ የ12 ዓመቱ ኢየሱስ አብሯቸው አልነበረም። ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዘመዶቻቸውና ከሚያውቋቸው ሰዎች መካከል ፈለጉት፤ አጡት። ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሰው ከሦስት ቀን በኋላ በቤተ መቅደስ አገኙት።

እንግዲህ እናስተውል። እነዚህ ሰዎች ክፉ ሥራ እየሠሩ አልነበረም። ወደ ክፉ ቦታም አልሄዱም፤ እንዲያውም ከአምልኮ እየተመለሱ ነበር። አብረዋቸው የነበሩትም ዘመዶችና ወዳጆች ናቸው። ያጡት በኃጢአት ሳይሆን በግምት ነው። መንገዱ ሞቅ ያለ ነበር፤ ወሬው ደስ ይል ነበር፤ ልጁም በመካከል የሆነ ቦታ ያለ መሰላቸው። ማንም ዞር ብሎ «አለ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። እስኪመሽ ድረስ።

ለጨዋታ የሚጓዝ አማኝ አደጋ ይኸው ነው። ክርስቶስን ለመካድ ብሎ አውቶቡስ የሚሳፈር የለም። ችግሩ፣ ጠዋት ስለ ጸለይን ቀኑን ሙሉ አብሮን ያለ ይመስለናል። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሦስት አማኞች ስላለን መካከላችን ያለ ይመስለናል። ስለዚህ በየመቆሚያው ዞር ብለን ማየት ያስፈልገናል። የት የት ላይ እንደምንፈልገው፣ በአራት ነገሮች እንመልከት።

የመጀመሪያው ማዕድ ነው። መኪናው ደብረ ብርሃን ሲቆም ሁሉም ለምሳ ይወርዳል። ጊዜው ዐቢይ ጾም ከሆነ ጓደኞቻችን ቅዳሜና እሑድም ቢሆን የፍስክ አይቀምሱም። በዚያ ማዕድ ላይ «እኛ ነጻ ወጥተናል» ብሎ ክትፎ ማዘዝ መብት ሊሆን ይችላል፤ ፍቅር ግን አይደለም። ሮሜ 14 የተጻፈው ለእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ነው። ሽሮውን አብረን እንብላ። በአንጻሩ ማታ ከጨዋታው በኋላ አረቄው ሲቀዳ ደግሞ በትሕትና «ይቅርብኝ» ማለት አለብን፤ ሳንሰብክ፣ ሳንገላምጥ፣ ለስላሳችንን ይዘን አብረን እየተጫወትን። ሽሮውን አብሮን የበላ ሰው አረቄውን ለምን እንደተውን ራሱ ይጠይቀናል። ያን ጊዜ የምንሰጠው መልስ ይሰማል።

ሁለተኛው ውርርድ ነው። በዚህ ላይ ቃላችንን አናለሳልስም። ቤቲንግ በየዲኤስቲቪ ቤቱ፣ በየስልኩ ገብቷል። በግ ተሽጦ ለትምህርት የተላከ ብር በአንድ ቅዳሜ የሚጠፋበት ጊዜ ሆኗል። ውርርድ የጨዋታውን ደስታ ራሱን ይበላዋል፤ ሰውየው የሚመለከተው ኳሱን ሳይሆን ገንዘቡን ነውና። ከዚህም በላይ፣ የእርሱ ትርፍ የሌላው ኪሳራ ነው። ከመስቀሉ ሥር የነበሩት ወታደሮች በጌታችን ልብስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ (ዮሐንስ 19)። የዓለም መድኃኒት ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ሳለ ዓይናቸው መሬት ላይ ያለውን ልብስ ያይ ነበር። ቁማር ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ዓይንን ወደ ታች ይይዛል። ስለዚህ አብሮ መጓዝ ይቻላል፤ አብሮ መወራረድ ግን አይቻልም።

ሦስተኛው እሑድ ነው። ጨዋታ ብዙ ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የታወቀ ሰው እናስታውስ። ኤሪክ ሊድል በቻይና ከሚስዮናውያን ወላጆች የተወለደ ስኮትላንዳዊ ነው። ሯጭ ብቻ አልነበረም፤ በ1922 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ለስኮትላንድ ብሔራዊ ቡድን ሰባት ጊዜ ራግቢ ተጫውቷል። በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ በመዋሉ አልሮጥም አለ። ብዙ ተወቀሰ። በሌላ ቀን በተካሄደው 400 ሜትር ግን በ47.6 ሰከንድ ሮጦ ወርቅ አገኘ። በዓመቱ ወደ ቻይና ለወንጌል አገልግሎት ሄደ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰባኪ ያወራዋል። የኋላውን ግን ጥቂቶች ናቸው የሚያነሡት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓኖች በዌይሽየን ካምፕ ካሰሯቸው የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ሊድል ነበር። እዚያ ወጣቶቹን ያስተምርና ያጫውት ነበር፤ እሑድ ግን አያጫውትም። አንድ እሑድ ልጆቹ ያለ ዳኛ ሆኪ ተጫውተው ተጣሉ፤ ጨዋታው በድብድብ አለቀ። በሚቀጥለው እሑድ ሊድል ራሱ ወጥቶ ዳኛቸው። ለኦሊምፒክ ወርቅ ያልለወጠውን እሑድ ለተጣሉ ልጆች ሰላም ሲል ሰጠ። በየካቲት 1945 እ.ኤ.አ. እዚያው ካምፕ ውስጥ ሞተ።

ሆኪ የእኛው ገና ዘመድ ነው። በልደት በዓል በደጋችን ሰፈር ከሰፈር ገጥሞ ገና ሲጫወት ያየ ሰው፣ ያለ ዳኛ የተጀመረ ጨዋታ እንዴት በዱላ ሊያልቅ እንደሚችል ማንም አይነግረውም። እኛ ከሊድል ሁለት ነገር እንማራለን። ለራሱ ክብር ሲሆን ሕጉ ጠበቅ ይላል፤ ለሌላው ጥቅም ሲሆን ልቡ ሰፋ ይላል። አብዛኞቻችን የምንሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው። እሑድን ለራሳችን መዝናኛ ስናሰፋ ለሌላው እናጠባለን። ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንለው ይህ ነው፦ የጌታን ቀን አምልኮ በጨዋታ አትለውጡ። ቅዳሜ ሄዳችሁ ካደራችሁ፣ እሑድ ጠዋት በዚያ ከተማ ያለውን ጉባኤ ፈልጋችሁ ከወገኖች ጋር አምልኩ። ለሽማግሎች ደግሞ፦ ልጁ አንድ እሑድ በመንበሩ ስላልታየ ከጌታ የራቀ አድርጋችሁ አትቁጠሩት፤ ሲመለስ «እንዴት ዋልክ?» በሉት፤ «የት ጠፋህ?» የሚለው ይቆይ።

አራተኛውና ከባዱ አንደበት ነው። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ በወልድያና በመቐለ ከተማ ቡድኖች መካከል ሊካሄድ የነበረው ጨዋታ በተነሣው ግጭት ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ከዓመታት በኋላ ጦርነት መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር እስከ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ፤ የዚያን ወር ፍርሃት ደጋው አልረሳውም። ኳስ ጦርነት አመጣ አንልም። ነገር ግን በመንደር በሹክሹክታ የሚነገር ስድብ በመጀመሪያ በሕዝብ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚለማመደው ስታዲየም ውስጥ ነው። በአሥር ሺህ ሰው መካከል የተሳደበ ሰው «እኔ አልተናገርኩም፤ ሕዝቡ ነው» ይላል። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 በአንድ አንደበት እግዚአብሔርን መባረክና በአምሳሉ የተፈጠረውን ሰው መርገም ሊሆን እንደማይገባ ያስተምረናል። እሑድ ጠዋት የዘመረ ጉሮሮ ቅዳሜ ማታ የሌላውን ብሔር ስም እየጠራ ቢሳደብ፣ መዝሙሩ ከየት ወጣ እንላለን?

በተቃራኒ ቡድን ላይ መጮህ ሌላ ነው፤ በሰው ማንነት ላይ መጮህ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ሲመሽ ያልቃል። ሁለተኛው ሲመሽ ይጀምራል።

እንግዳ መሆንና እንግዳ መቀበል

በሰው ሜዳ ላይ ለሚደረግ ጨዋታ የሄደ ደጋፊ እንግዳ ነው። ይህ ቃል ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። በዚህ ደጋ፣ ጨለማ የያዘው መንገደኛ በማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ቢል አይመለስም ነበር። እሳት ዳር ይቀመጣል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠየቀው ከበላ በኋላ ነው። አባቶቻችን ይህን ያደርጉ የነበረው ሰውየው የእነርሱ ወገን ስለሆነ አልነበረም፤ የእግዚአብሔር እንግዳ ስለሆነ ነው። ዕብራውያን 13 ሳያውቁ መላእክትን ስለ ተቀበሉ ሰዎች ሲናገር፣ የመንዝ ባልቴት ያለ አስተማሪ ይገባታል።

ታዲያ ያ ልማድ ስታዲየም በር ላይ ለምን ይቆማል? የሌላ ከተማ ማሊያ የለበሰ ልጅ በከተማችን ሲታይ ለምን ድንጋይ ይታሰበናል? እርሱም እኮ በቅጥቅጥ ተጨናንቆ፣ ስንቁን ቋጥሮ የመጣ የሰው ልጅ ነው።

እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ በደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አልፎ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወት፣ ስታዲየሙን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበሱት በዚያ አገር በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. በዚሁ ቀን፣ ጥር 13፣ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን የወሰድንበት ቀን ልክ 51 ዓመቱ ነበር። በስደት ያሉት ወገኖች ብዙዎቹ ከሃዲያና ከከምባታ የሄዱ ናቸው፤ በመካከላቸው ወንጌላውያን አማኞች ብዙ ናቸው። በየታውንሺፑ አነስተኛ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በውጭ ዜጎች ላይ በተነሣው ጥቃት ሱቅ የተዘረፈባቸው፣ ወገን የሞተባቸው አሉ። እነዚያ ሰዎች ለአንድ ቀን ከየሱቃቸው ወጥተው ረጅም መንገድ ሄዱ። በዚያ ወንበር ላይ የመንዝ ልጅና የሆሳዕና ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አንድ ባንዲራ ያዙ። ቡድኑ ግብ ጠባቂው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በ10 ሰው ተጫወተ፤ አዳነ ግርማ ባስቆጠራት ግብ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣ።

የዚያን ቀን ሌላ ገጽታም እንዲሁ ይነገር። ቀይ ካርዱ ሲታይ ከእኛው ደጋፊዎች መካከል ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ነበሩ። በስደት የተጎዳ ሰው እንኳ፣ እንግድነትን በሥጋው የሚያውቅ ሰው እንኳ፣ በቁጣ ጊዜ እጁን ያነሣል። ሰው ነን። ስለዚህ ነው ራሳችንን ለማመን የማንደፍረው፤ ስለዚህ ነው ጌታ አብሮን መኖሩን በየመቆሚያው የምንጠይቀው።

የመንገድ ጸሎት

ይህን ስንጽፍ አንድ የማንዘነጋው ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በቀጠለው ግጭት መንገዶቻችን ይዘጋሉ፣ ይከፈታሉ፤ እንደገና ይዘጋሉ። ለጨዋታ ቀርቶ ለሕክምናና ለቀብር እንኳ መሄድ ያልተቻለበት ጊዜ አለ። መሳፍንት ምዕራፍ 5 በሰሜጋር ዘመን አውራ ጎዳናዎች ባዶ እንደቀሩ፣ መንገደኞችም በጠመዝማዛ መንገድ ይሄዱ እንደነበር ይነግረናል። መጽሐፍ ቅዱስ የአንድን ዘመን መከራ ለመግለጽ የመንገዱን ባዶነት መጥቀስ በቂ ሆኖ አግኝቶታል። እኛም ይህን እናውቀዋለን።

በዘካርያስ ምዕራፍ 8 ደግሞ እግዚአብሔር ከተማውን ሲጎበኝ ምን እንደሚሆን ተጽፏል፤ ሽማግሎች በትራቸውን ይዘው በአደባባይ ይቀመጣሉ፤ ጎዳናዎቹም በሚጫወቱ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ይሞላሉ። እግዚአብሔር ለሕዝቡ ካሳያቸው የሰላም ምልክቶች አንዱ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ወጣቶች መኪና ተኮናትረው እየዘፈኑ በሞላሌ ሲያልፉ ስናይ «ዓለማዊነት በዛ» ከማለታችን በፊት፣ መንገዱ ተከፍቶ ማየታችንን እናመስግን። አብሮ ወጥቶ አብሮ መመለስ የሚቻልበት ቀን ስጦታ ነው። ስጦታውን ከሰጪው ለይቶ መጠቀም ነው ክፉው።

እንግዲህ የምትሄዱ ወጣቶች፣ ሂዱ። ከመነሣታችሁ በፊት አብራችሁ ጸልዩ፤ የማይጸልየውን ጓደኛችሁን ግን አታሳፍሩት። ገንዘብ ያነሰው ካለ ሳታስታውቁበት ክፈሉለት። መንገድ ላይ ለተሳፈረች ሽማግሌ እናት ወንበራችሁን ልቀቁ። ከቡድናችሁ መካከል ስድብ የጀመረ ካለ በትከሻው ያዙት። ሌላው ቡድን ሲያሸንፍ አጨብጭቡ፤ ይህ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ስትመለሱም በጨለማ መንገድ ላይ ጓደኛችሁ የልቡን ቢያወራችሁ፣ ስለ ጨዋታው ማውራት ትታችሁ አድምጡት። ሁለቱ ደቀ መዛሙርት ወደ ኤማሁስ ሲሄዱ ጌታ የቀረባቸው እያዘኑ ሲነጋገሩ ነበር። ዛሬም በመንገድ ላይ ወደሚያዝን ሰው የሚቀርብ እርሱ ነው፤ ምናልባት በዚያ መቀመጫ ላይ የሚቀርበው በእናንተ በኩል ይሆናል።

ጌታን ገና የምትፈልጉ፣ ይህን ጽሑፍ በአጋጣሚ የምታነቡ ወዳጆችም፦ በአጠገባችሁ የሚቀመጠው አማኝ ጓደኛችሁ ፍጹም አይደለም። ነገር ግን አብሮት ስለሚሄደው ጌታ ጠይቁት። ማርያምና ዮሴፍ ልጁን ፈልገው አላጡትም፤ በአባቱ ቤት አገኙት። እናንተም ብትፈልጉት ይገኛል።

እግዚአብሔር አምላካችን ሆይ፣ መንገዶቻችንን ክፈትልን። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለሚወጡት ልጆቻችን መውጫቸውንና መግቢያቸውን ጠብቅ። በሰው ሜዳ እንግዳ ሲሆኑ ትሕትናን፣ በሜዳቸው እንግዳ ሲመጣባቸው ደግነትን ስጣቸው። አብረኸን ያለህ እየመሰለን ያለ አንተ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ እንዳንሄድ ዓይናችንን አንቃልን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።